ፍርስራሹን ቀብረን ችግኝ እንትከልበት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ አካባቢ የሳይንስ መምህር ነኝ። በትምህርት ቤታችን አሮጌ የጭቃ ክፍሎች ፈርሰው በብሎኬት ተሠሩ። ኮንትራክተሩ የተሰበረ ብሎኬት፣ ቁርጥራጭ ፌሮ፣ የሲሚንቶ ከረጢትና የአሮጌ ግድግዳ ክምር ጥሎልን ሄደ። ኮሚቴው «ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበረው፣ ክረምት ሲገባ ላዩ ላይ ችግኝ እንትከል» ይላል። አፈራችን አሲዳማ ስለሆነ ሲሚንቶው አሲዱን ለመቀነስ እንደ ኖራ ያገለግላል የሚልም አለ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መምህር፣ አይቅበሩት። ፍርስራሽ ላይ የተተከለ ችግኝ እስከ ጳጉሜ ያምራል፤ በጋ ሲመጣ ግን ሥሩ እርጥበት የያዘ አፈር ስለማያገኝ ይደርቃል። ከዚያ «ውሃ የሚያጠጣ ጠፍቶ ነው» ተብሎ ዘበኛው ይወቀሳል።

መጀመሪያ ይለዩት። የጭቃው ግድግዳ ጭድ የተቦካበት አፈር ነው፣ ሀብት ነው። ምስማሩን ልቀሙለት፣ ውሃ አርከፍክፋችሁ አፍርሱት፣ ከኮምፖስት ጋር ቀላቅላችሁ ወደ መሬቱ መልሱት። ቀለም የተቀባው ገጽ ግን ለብቻው ይቀመጥ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ተማሪ እንዳይፍቀው። ምስጥ ያልበላው ቋሚና ማገር ለአጥር ይሆናል። ፌሮውን ቆራሌው ይወስደዋል። ብሎኬቱ በመዶሻ ተከስክሶ ክረምት ጭቃ የሚያስቸግረው መተላለፊያ ሥር ይነጠፍ፤ ሕንፃ ለሚሸከም ምሰሶና አግዳሚ (ለኮለንና ለቢም) ግን አይሆንም፣ ማንም ቢያግባባችሁ። አሮጌ የአስቤስቶስ ጣሪያ ካለበት አትስበሩት፣ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል፤ ሳይነካ ተሸፍኖ ይቆይና የሚመለከተውን ቢሮ ጥሩ።

ስለ ኖራው፣ ሐሳቡ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ሲሚንቶ ካልሲየም አለው፣ የጎጃም ቀይ አፈርም ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። ግን ትልልቁ ስብርባሪ ለአፈሩ የሚሰጠው ጥቅም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ዱቄቱ ደግሞ አንድ ቦታ ከበዛ አፈሩ ከአሲዳማነት ወደ ተቃራኒው ጫፍ ይሄድና ችግኙ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር መሳብ ያቅተዋል፤ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሲቀር ያዩታል። አፈሩን አስመርምሩ፣ ኖራ ካስፈለገ ወረዳው ግብርና ጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። ሲኖትራክ ሲመላለስበት የከረመ መሬት ይጠቀጠቃል። ሲሚንቶ የተቦካበት ቦታም ላይ ቅርፊት ይሠራል፣ ዶማ ሲያርፍበት ይነጥራል። ያ ቅርፊት ተነቅሎ ይውጣ፤ መሬቱም ግማሽ ሜትር ያህል ይቆፈር፣ ይፍታታ። ያለዚያ የዝናብ ውሃ አይሰርግም፣ ከአዲሱ ጣሪያ የሚወርደው ጎርፍም ግቢውን ቦረቦር ያደርገዋል። ትልልቁን ድንጋይ ጎርፉን ለሚገታ ክትር አስቀሩት፣ ጠርዙ ላይ ቬቲቨር ሣር ትከሉ።

ዛፉ? ዋንዛ፣ ብሳና፣ ወይራ፣ ጥድ። ደጋው ላይ ከሆናችሁ ኮሶም ይጨመር። ዘሩን ከቤተ ክርስቲያን ደን መልቀም ይቻላል፣ አባቶችን አስፈቅዳችሁ። ባሕር ዛፉን ከግድግዳው አርቁልኝ፤ አጣናው ገንዘብ ቢሆንም ውሃ ጠጪ ነው። ዝናቡ ሲጠና፣ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ትከሉ፤ ከመትከላችሁ በፊት ግን አጥሩ ይቁም። ልቅ ግጦሽ ባለበት ያለ አጥር መትከል ለከብት መኖ ማቅረብ ነው።

ለኮንትራክተሩ የመጨረሻው ክፍያ ካልተለቀቀ ደግሞ ውሉን አውጡና አንብቡት፤ ግቢውን አጽድቶ ማስረከብ ግዴታው ሊሆን ይችላል።