ለሴሚናሩ ጠያቂ፦ ቫይረሱ ጂኑን አልሰበረውም

ወንድሜ፣ «የጂን ሕክምና እንዴት ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) አመጣ የሚል ሴሚናር ደርሶኛል፣ ከየት ልጀምር?» ብለሃል። ይሄንኑ ርዕስ አቅርቤ ጥሩ ውጤት ይዤ ወጥቻለሁ። አንተ እንዳትንገላታ ያየሁትን ልንገርህ።

1. ሬትሮቫይረስ (ጂኑን ሴሉ ዲኤንኤ ውስጥ የሚሰካ ቫይረስ) ምን እንደሆነ በማብራራት ጊዜህን አትጨርስ፣ ያውቁታል። ቀጥታ ፓሪስ ግባ። ሐኪሞቹ እነ አላን ፊሸርና ማሪና ካቫዛና ኔከር ሆስፒታል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመሩት ሙከራ ነው። በሽታ የመከላከል አቅም ሳይኖራቸው ከተወለዱ ወንድ ሕፃናት የመቅኔ ሴል ተወስዶ፣ ጤነኛው ጂን ከአይጥ ሉኪሚያ ቫይረስ በተሠራ ቬክተር (ጂን ተሸካሚ) ገብቶበት ተመለሰላቸው። አብዛኞቹ ዳኑ! ይሄን ሳትናገር አትለፍ፣ ሰው አደጋውን ብቻ ነው የሚያወራው። ከዚያ ፓሪስና ተመሳሳይ ሙከራ በተደረገባት ለንደን ከታከሙት 20 ልጆች 5ቱን ከዓመታት በኋላ የቲ-ሴል (የአንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ሉኪሚያ ያዛቸው፤ 4ቱ ታክመው ተረፉ፣ አንዱ ሞተ።

2. «ቫይረሱ ጂን ሰብሮ ካንሰር አመጣ» እንዳትል፣ በናትህ። ከእኔ በፊት ያቀረበው ልጅ እንዲህ ብሎ ገና በመጀመሪያው ስላይድ ተያዘና የቀረው ልፋቱ ሁሉ ውሃ በላው። በታመሙት አብዛኞቹ ልጆች ቫይረሱ የገባው ኤልኤምኦ2 የሚባለው ጂን አካባቢ ነው። ይሄ ጂን በበሰለ ቲ-ሴል ውስጥ ዝም ማለት ነበረበት። ቫይረሱ ጫፎቹ ላይ ያለው ኢንሃንሰር፣ ማለትም በአካባቢው ያለን ጂን የሚያነቃ የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ግን ቀሰቀሰው። የለንደኑን ልጅ ጥቀስ፤ ቫይረሱ የተገኘው ከጂኑ 35 ሺህ ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ያህል ርቆ ነው። ታዲያ ምኑን ሰበረው? እኔ በስዕል አሳየሁ፤ ረጅሙ ሰማያዊ መስመር ጂኑ፣ ራቅ ብሎ ያለው ቀይ ሳጥን ቫይረሱ፣ ከሳጥኑ ተነስቶ ጂኑ መነሻ ላይ የሚያርፍ ቀስት። ለገምጋሚዎች የሚታደለውን ሜክሲኮ ፎቶ ኮፒ ቤት ሳስወጣው ቀዩም ሰማያዊውም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነብኝ፣ ቁጭ ብዬ ሳጥኑን በየወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ ቀባሁት። አንተ ከለር አስወጣ፣ ብር አትቆጥብ።

3. «ሌሎቹ ለምን አልታመሙም?» ይሉሃል። የቫይረሱ መግባት ብቻውን አይበቃም፤ በታመሙት ሴሎች ላይ እንደ ኖች1 ባሉ ጂኖች ተጨማሪ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) ተገኝቷል። ስለዚህ «አመጣ» ሳይሆን «አስተዋጽኦ አደረገ» በል። ርዕስህንም አስቀይረው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ቢሮ የሚያቃጥልህ። የማሻሻያ ፎርሙን ስሰጣት ጸሐፊዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «ነገ ነይ» አለችኝ፣ በነጋታው ስሄድ «እኔ ምንም አልተቀበልኩም» ብላ ድርቅ። አንዲት ቃል ለማስቀየር ተማሪ በር ላይ ሲገተር መዋል አለበት? አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሁለት ኮፒ አድርግና አንዱ ላይ አስፈርመህ ያዝ።

በኋላ ኢንሃንሰሩ የተቆረጠለት ቬክተር መጣ። ቢሆንም «ችግሩ ተፈታ» ብለህ እንዳትዘጋ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 የፈቀደችውን ስካይሶና የሚባለውን የጂን ሕክምና እይ። ቬክተሩ ሌንቲቫይረስ (ሌላ ዓይነት ሬትሮቫይረስ) ነው፣ ጫፎቹ ላይ ኢንሃንሰር የለውም። ግን በ2024 በወጣ ሪፖርት ከታከሙ 67 ልጆች 7ቱን የደም ካንሰር ይዟቸዋል። የሚጠረጠረው ቬክተሩ ውስጥ የተጨመረው ኃይለኛ ፕሮሞተር (ጂንን ሥራ የሚያስጀምር የዲኤንኤ ክፍል) ነው፤ እዚያ ደግሞ በአብዛኞቹ ቬክተሩ የገባው ኤምኢኮም የሚባል ጂን ላይ ነው። የመጨረሻዋን ጥያቄ ሰብሳቢው ራሳቸው ከዚህ አወጡ። ስላይዱን አዘጋጅቼ ስለነበር ወዲያው ከፈትኩላቸው። ከፈለግከው በውስጥ ጻፍልኝ፣ እልክልሃለሁ።