መጀመሪያ ላይንባከሩን እዩት

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

በሜሪላንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 23 ዓመት የአሜሪካ ፉትቦል ረዳት አሠልጣኝ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሪሲቨሮች (የሚወረወረውን ኳስ የሚይዙት) እና ታይት ኤንዶች (ከመካከለኞቹ ግዙፎች ጎን ቆመው የሚገፉም የሚይዙም) የእኔ ድርሻ ነበሩ። ዘንድሮ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ፊሽካዬን ለወጣት አስረክቤ ወጣሁ።

ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ የሰፈር ልጆችን የአሜሪካ ፉትቦል ማሠልጠን ጀምራችኋል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ራሳችሁ ስሎት (ከዳር ገባ ብሎ የሚቆም ሪሲቨር) ወይም ታይት ኤንድ ትጫወታላችሁ። በአማርኛ የምጽፍላችሁ ወላጆቻችሁም እንዲያነቡት ብዬ ነው። ዓርብ ማታ ብርድ ላይ ተቀምጠው ይጮኻሉ፤ ለምን እንደሚጮኹ ግን ብዙዎቹ አያውቁም። አልፈርድባቸውም። እኔ ራሴ እዚህ አገር እንደመጣሁ ፉትቦል ሲሉኝ የእኛ ኳስ መስሎኝ ታኬታዬን ይዤ ሄጄ፣ ሄልሜት ነው ያስታቀፉኝ።

ወጣት አሠልጣኝ ሳለሁ ትልቁ በሽታዬ ፕሌይ፣ ማለትም ማን ወዴት እንደሚሮጥ የሚያሳይ የማጥቃት ዕቅድ፣ መሰብሰብ ነበር። ወፍራም ደብተር ነበረኝ። ማታ ማታ ቀስት ስስል አመሻለሁ። ስስል ግን ሁልጊዜ የማስበው ኳሱን ማን እንደሚይዝ ነበር። ከተከላካዮቹ የትኛውን ላስጨንቅ ብሎ መነሳት እንደሚሻል የገባኝ ብዙ ቆይቶ፣ ብዙ ጨዋታ ከተሸነፍኩ በኋላ ነው። ስሎትም ሆነ ታይት ኤንድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። አንድ ተከላካይ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይዞ እንዲወዛገብ ያደርጉታል።

ሜዳውን አስቡት። ስፋቱ 53 ያርድ ከ1 ጫማ ነው። ዳር የሚቆመው ሪሲቨር አንዱ ጎኑ መስመር ነው፤ መስመሩ ለተከላካዩ እንደ ሁለተኛ ሰው ይረዳዋል። ስሎቱ ግን በዳሩ ሪሲቨርና በመካከለኞቹ ግዙፎች መካከል ይቆማል። ወደ ግራም ወደ ቀኝም መንገድ አለው። በዚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው መስመር (ኳሱ ከሚነሳበት) አንድ እርምጃ ወደኋላ ብሎ ስለሚቆም፣ ተከላካዩ ገና ሲነሳ ደረቱን ገፍቶ ሊያስቆመው ይቸገራል። የእኛን ኳስ ለምትወዱ፣ በተከላካይና በአማካይ መስመር መካከል የሚሹለከለከውን አስር ቁጥር አስቡ።

ወላጆች ልጃቸው አጭር ከሆነ ስሎት ይሁን ይሉኛል። ታዋቂውን ስሎት ዌስ ዌልከርን አይተው ነው። እውነትም ዌልከር ቁመቱ 5 ጫማ ከ9 ኢንች ነበር። በ2004 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በድራፍቱ (ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት) የመረጠው ቡድን አልነበረም። በ2007 ወደ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ሄደ። እዚያ በቆየባቸው 6 የውድድር ዘመናት በአምስቱ ከ100 በላይ ኳስ ያዘ። ግን ኩፐር ካፕንም እዩት። 6 ጫማ ከ2 ኢንች ነው። በ2021 ከሎስ አንጀለስ ራምስ ጋር አብዛኛውን ጊዜ ከስሎት እየተነሳ 145 ኳስ ይዞ 1,947 ያርድ ሄዷል። ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ልጅ አትምረጡ።

እኔ የምመርጠው ዓይኑን አይቼ ነው። ጁሊያን ኤደልማን ኮሌጅ እያለ ኳርተርባክ፣ ኳሱን የሚወረውረው ሰው፣ ነበር። ፓትሪዮትስ በ2009 በሰባተኛው ዙር ሲወስደው ሪሲቨር ሊያደርገው ነው። አንድ ኳርተርባክ የነበረ ልጅ ተከላካይን ማንበብ ያውቃል፤ ስሎት ደግሞ የሚኖረው በማንበብ ነው። አምስት ወይም ስድስት ያርድ ይሮጣል። ተከላካዩ ወደ ውስጥ በኩል ከቆመበት ወደ ውጭ ይታጠፋል። ወደ ውጭ ከቆመበት ወደ ውስጥ። ማንም ካልተከተለውና ቦታ ብቻ እየጠበቁ ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል ቆም ብሎ ፊቱን ወደ ኳርተርባኩ ያዞራል። ችግሩ ኳርተርባኩም ያንኑ ማየት አለበት። አንዱ ውጭ፣ ሌላው ውስጥ ካሰበ ኳሱ የሚያርፈው ተቃራኒው እጅ ላይ ነው። ሁለቱን ልጆች ሳታስሮጡ ዝም ብላችሁ አቁሟቸውና ተከላካይ እያቀያየራችሁ "ወዴት ነው?" በሏቸው። አሰልቺ ነው፣ ልጆቹ ይጠሉታል። አሥር ደቂቃ ግን ይበቃል።

ወደ ታይት ኤንዱ ልምጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ያለው እዚህ ነው።

በድሮው ጊዜ ታይት ኤንድ ማለት ከሞላ ጎደል አንድ ተጨማሪ ገፊ ማለት ነበር። በ1961 ማይክ ዲትካ የሚባል አዲስ ገቢ ለቺካጎ ቤርስ 56 ኳስ ይዞ፣ 1,076 ያርድ ሄዶ፣ 12 ታችዳውን (ኳሱን ሜዳው መጨረሻ አድርሶ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ። ሰዉ ታይት ኤንድን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ። ብዙ ዘመን ቆይቶ ደግሞ አንቶኒዮ ጌትስ የሚባል ታይት ኤንድ መጣ። ኮሌጅ የተጫወተው ቅርጫት ኳስ ብቻ ነው። አሁን ልጆቹ ሁሉ መያዝ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ብሎክ አድርግ፣ ማለትም ተከላካይ ገፍተህ መንገድ ክፈት፣ ስትሉት ፊቱ ይጠቁራል።

ልጆቼ፣ ብሎክ የማያደርግ ታይት ኤንድ ቀርፋፋ ሪሲቨር ነው። ተቃራኒው አሠልጣኝ ይህን ሁለት ጊዜ ካየ ላይንባከሩን፣ ከባዱን የሁለተኛ ረድፍ ተከላካይ፣ አስወጥቶ ትንሽና ፈጣን ተከላካይ ያስገባበታል፤ አለቀ። ብሎክ ማድረግ የሚችል ከሆነ ግን ያንን ትንሽ ልጅ እየገፋ ሜዳ ዳር ያደርሰዋል፤ ስለዚህ ከባዱን ላይንባከር መልሰው ሊያስገቡ ይገደዳሉ። ያን ጊዜ ነው ኳስ የምትወረውሩለት። ጆርጅ ኪትል በ2017 በአምስተኛው ዙር ተመርጦ ለሳን ፍራንሲስኮ እንዲህ ያለ ሰው ሆነ። ከያዛቸው ኳሶች ይልቅ ብሎክ ሲያደርግ እዩት፤ ሰው ሲገፋ ይስቃል።

ላይንባከር፣ ለወላጆች ልንገር፣ ከፊተኞቹ ግዙፎች ጀርባ የሚቆመው ሁለተኛው ረድፍ ነው። ሩጫ ከመጣ ወደፊት መግባት፣ ኳስ ከተወረወረ ወደኋላ መመለስ አለበት። ታይት ኤንዱ የመጀመሪያ ሦስት እርምጃው ለብሎክም ለመያዝም አንድ ዓይነት ከሆነ ይህ ሰው ግራ ይገባዋል። ወደፊት ከመጣ ታይት ኤንዱ ከጀርባው ያልፋል። ከቀረ ሯጩ ይገባል። ሲያመነታ ደግሞ ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል።

ስሎቱንና ታይት ኤንዱን አንድ ላይ ለማሠራት የምወደው ፕሌይ ስቲክ የሚባለው ነው። ከሁሉም ቀላሉ ነው። በአንድ ጎን ሦስት ሰው አቁሙ። የዳሩ ዝም ብሎ ወደፊት ይሮጣል፤ ኮርነርባኩን (የዳሩን ተከላካይ) ይዞት ይሄዳል። ስሎቱ ወዲያው ወደ ዳር ይወጣል። ታይት ኤንዱ አምስት ወይም ስድስት ያርድ ሄዶ ዞር ይላል። ኳርተርባኩ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ተከላካይ ስሎቱን ከተከተለ ለታይት ኤንዱ፣ ከቀረ ለስሎቱ። የ14 ዓመት ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይማረዋል። እኔ ከዚያ ወፍራም ደብተር ውስጥ በመጨረሻ የቀሩኝ እንደዚህ ያሉ ስድስት ሰባት ናቸው።

ቀላል ነገር ለትልቅ ሰው አይሆንም ለሚል አንድ ምሳሌ። የካቲት 2019፣ ሱፐር ቦውል (የሊጉ ፍጻሜ)፣ ፓትሪዮትስና ራምስ። አራተኛው ሩብ ላይ ውጤቱ 3 ለ 3 ነው። ፓትሪዮትስ ሁለት ታይት ኤንድና ሁለት ባክ (ከኋላ የሚነሱ) አስገቡ። ራምሶች ሩጫ መጣ ብለው ከባድ ሰዎቻቸውን ሜዳ ላይ አቆሙ። ፓትሪዮትስ ግን እነዚያን ሰዎች ወደ ዳርና ዳር ዘርግተው አቆሟቸውና ኤደልማንን በላይንባከሮች መካከል ለቀቁት። አንዱን ፕሌይ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ጠሩት። ኤደልማን 13 ያርድ፣ ከዚያ ሬክስ በርክሄድ 7፣ ከዚያ ታይት ኤንዱ ሮብ ግሮንካውስኪ ላይንባከር እየተከተለው ቀጥ ብሎ ሮጦ 29። ኳሱ 2 ያርድ ላይ ደረሰ፤ በቀጣዩ ሩጫ ገባ። ጨዋታው 13 ለ 3 አለቀ፣ ኤደልማንም 10 ኳስ ይዞ ኮከብ ተባለ። እኔ ያን ሌሊት ሶፋዬ ላይ ሆኜ የጮኽኩት ለሦስተኛው ጥሪ ነው። ሦስት ጊዜ አንድ ነገር ለመጥራት ድፍረት ይጠይቃል።

የራሴን ጉድም ልናገር። አንድ ዓመት፣ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ፣ ታይት ኤንዳችን ነፃ ሆኖ ታችዳውን ያዘ። ወንበር ላይ የነበረው ሁሉ ዘሎ ተነሳ። የዳኛው ቢጫ ጨርቅ፣ የጥፋት ምልክቱ፣ ግን መሬት ላይ ነበር። ደንቡ እንዲህ ነው፤ በመነሻው መስመር ላይ ኳስ መያዝ የሚፈቀደው ለሁለቱ ጫፎች ብቻ ነው። የእኛ የዳር ሪሲቨር አንድ እርምጃ ወደኋላ መቆም ሲገባው መስመሩ ላይ ቆሟል። በዚህ ምክንያት ታይት ኤንዱ ጫፍ መሆኑ ቀረ፤ ተሸፈነ ይባላል። ታችዳውኑ ተሰረዘ፣ ተሸነፍን። ልጁን ተቆጣሁት። ማታ ቪዲዮውን ሳየው ግን በልምምድ አንድም ቀን የት እንደሚቆም በእግሩ አላሳየሁትም፤ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር የሳልኩለት። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ወዲህ ልጆቼ ከመነሳታቸው በፊት ወደ መስመር ዳኛው እጃቸውን ዘርግተው ይጠይቃሉ፤ እናንተም አስለምዷቸው።

አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ታይት ኤንዳችን ነው። ከጨዋታ በኋላ መኪናዬ ድረስ መጡና "ጋሼ፣ ልጄን ምን አድርጓችሁ ነው ኳስ የምትነፍጉት? ሰው ሲገፋ ብቻ ነው የማየው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከሰባት ጨዋታ አንድም ኳስ አልያዘም። የመኪናዬ ኮፈን ላይ ሳንቲም ደርድሬ አስረዳኋቸው። "ኳሱን ይተዉት፣ እህቴ። ይቺን አምስት ሳንቲም ብቻ ይዩ፣ ላይንባከሯን። ልጅዎ ሲነሳ ወዴት እንደምትሄድ ይዩ።" እሺ አሉኝ፤ ያመኑኝ ግን አልመሰለኝም።

በስምንተኛው ጨዋታ፣ ሦስተኛው ሩብ ላይ፣ ልጁን ስድስት ጊዜ ብሎክ ካስደረግነው በኋላ በሰባተኛው ሁለት እርምጃ ገፍቶ ላይንባከሩን አሳለፈውና 30 ያርድ ብቻውን ሮጦ ገባ። ጨዋታው ሲያልቅ እናቱን ፈልጌ እንኳን ደስ ያለዎት አልኳቸው።

"ለምኑ?" አሉኝ። "ላይንባከሩ ወደፊት ሲገባ አይቼዋለሁ፣ ጋሼ። ኳሱን ማን ያዘው?"