ሲነሳ የሚያንገጫግጭ አውቶማቲክ መኪና

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። የማሽከረክራት አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት ቶዮታ ኮሮላ ጠዋት ከግቢ ስትወጣ ገጭ ብላ ትነሳለች፤ ዳገት ላይ ቆማ ስትነሳ ደግሞ ወደፊት ትወረወራለች። ከሞቀች በኋላ ሜዳ ላይ ብዙም አይታወቅባትም። ያሳየሁት መካኒክ ካምቢዮው ወርዶ መፈታት አለበት ብሎኛል። ከማስወረዴ በፊት ማድረግ ያለብኝ ነገር ይኖር ይሆን?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ካምቢዮው እንዲወርድ አሁን አይፍቀዱ። ፍሪሲዮኖቹ (የሞተሩን ኃይል የሚያስተላልፉት የውስጥ ሳህኖች) ያለቁበት ካምቢዮ ብዙውን ጊዜ ሲሞቅ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም፤ የእርስዎ መኪና ግን ስትሞቅ ይሻላታል። ስለዚህ ፍተሻው ብዙ ገንዘብ ከማያስወጣው ይጀምር።

መጀመሪያ የጠዋቱን እንመልከት። ሞተር ሲቀዘቅዝ ኮምፒዩተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሽከረከርበትን ዙር፣ ከፍ ያደርገዋል፤ ሲሞቅ በደቂቃ 700 ዙር ገደማ የሚሽከረከር ሞተር በደሴ የጠዋት ብርድ ከ1,200 ዙር በላይ ሊቆይ ይችላል። ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው በዘይት የተሞላው ቶርክ ኮንቨርተር ስለሆነ፣ ሞተሩ በፈጠነ መጠን ዘይቱ ካምቢዮውን የሚገፋበት ኃይል ይጨምራል፤ በዚህ ጊዜ ማርሹ ወደ ዲ (ወደፊት መንጃው) ከገባ መኪናዋ ገጭ ማለቷ አይቀርም። ሞተሩን ካስነሱ በኋላ የዙር መቁጠሪያው ከ1,000 በታች እስኪወርድ ይታገሡ። ፍሬን እንደረገጡ ወደ ዲ ያስገቡ፤ ካምቢዮው መያዙን የሚያሳውቀው ትንሽ መጎተት እስኪሰማዎት ይቆዩ፤ ከዚያ ፍሬኑን ቀስ ብለው ይልቀቁና ነዳጅ ይስጡ። ብዙ ሾፌሮች ማርሹ ገና ሳይዝ ነዳጅ ይረግጣሉ፤ ይህ ካምቢዮን ያለ ዕድሜው የሚጨርስ ልማድ ነው።

ሌላው ጠዋት ጠዋት የሚሰማ ድምፅ ከአቋቋም የሚመጣ ነው፤ ደሴ ውስጥ ሜዳ ግቢ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ ይህን ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ማርሹ ፒ (ማቆሚያው) ላይ ሲሆን መኪናዋን የሚይዛት ካምቢዮው ውስጥ ያለ አንዲት ትንሽ የብረት ጥርስ ናት። ተዳፋት ላይ የእጅ ፍሬን ሳይያዝ ፒ ላይ ብቻ ከቆመች ክብደቷ በሙሉ ሌሊቱን በዚያች ጥርስ ላይ ያርፋል፤ ጠዋት ማርሹን ሲያወጡም ጥርሷ በኃይል ስለምትላቀቅ መኪናዋ በሙሉ ትናወጣለች። ሲያቆሙ ፍሬን እንደረገጡ ማርሹን ኤን (ባዶ ማርሽ) ላይ ያድርጉ፤ የእጅ ፍሬኑን በደንብ ይሳቡ፤ የእግር ፍሬኑን ለቀቅ አድርገው መኪናዋ በእጅ ፍሬኑ ላይ እንድታርፍ ካደረጉ በኋላ ፍሬኑን እንደገና ረግጠው ወደ ፒ ያስገቡ። ገጭታው በዚህ ብቻ ከጠፋ መካኒኩም አያስፈልግዎትም።

ቀጥሎ የካምቢዮው ዘይት ይታይ። መኪናዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከተነዳች በኋላ ሜዳ ላይ ይቁም፤ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ፍሬን ተረግጦ ማርሹ ከፒ እስከ መጨረሻው ኤል (ዝቅተኛው ማርሽ) በየደረጃው ይለፍና ወደ ፒ ይመለስ። ከዚያ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ አውጥተው፣ ጠርገውና መልሰው ከተው ያንብቡት፤ ዘይቱ በትኩስ ምልክቱ ክልል ውስጥ መሆን አለበት። ከመለኪያው ጫፍ አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ያኑሩ። ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ነው፤ ቡናማ ከሆነ መቀየሪያው ደርሷል፤ ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለውና የብረት ብናኝ ካሳየ የመካኒኩ ሥጋት መሠረት አለው ማለት ነው። ሲቀየር መለኪያው ላይ ወይም የመኪናው መመሪያ ላይ የተጻፈው ዓይነት ዘይት ይደረግ እንጂ ሱቅ ውስጥ የተገኘው ሁሉ አይደረግ። ዘይቱን ከታች በኩል ማፍሰስ ካለው ዘይት ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ብቻ ስለሚያወጣ፣ አንድ ጊዜ ቀይረው ለውጥ ባያዩ አይገረሙ።

ወደ ዳገቱ እንምጣ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ በቆላ ከሚሰጠው ጉልበት ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ሾፌሩም ይህን ለማካካስ ነዳጁን ጠለቅ አድርጎ ይረግጣል። በዚህ ላይ የትሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ክፍል) ክዳን በጥቀርሻ ተጣብቆ ከሆነ መጀመሪያ እምቢ ብሎ በኋላ በአንድ ጊዜ ስለሚከፈት መኪናዋ ትወረወራለች። ክዳኑን ለዚሁ በተሠራ ስፕሬይ ማስጸዳትና ካንዴላዎቹን ማሳየት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ዳገት ላይ ሲነሱም የእጅ ፍሬኑን ይዘው፣ መኪናዋ መጎተት ስትጀምር ቀስ ብለው ይልቀቁት።

የሞተሩን መቀመጫ ጎማዎችም ያስፈትሹ። የእጅ ፍሬን ተይዞና ፍሬን ተረግጦ ማርሹ ከዲ ወደ አር (የኋላ ማርሽ) ሲመላለስ ሞተሩ ብድግ ቁጭ የሚል ከሆነ ጎማው ተቀዷል። የሚያየው ሰው በጎን በኩል ይቁም፤ ከመኪናዋ ፊት ፈጽሞ አይቁም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ማርሹ ዲ ላይ ገብቶ ለመያዝ ከሁለት ሴኮንድ በላይ ቢዘገይ፣ ወይም ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ፍጥነት ባትጨምር፣ ያኔም በመጀመሪያ በኮምፒዩተር ትመርመር፤ ካምቢዮው መውረድ ያለበት የምርመራው ውጤት ካስገደደ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ ነዳጅ ለመቆጠብ ብዬ የሐረጎን ቁልቁለት የምወርደው በኤን ነው። ታች ደርሼ ወደ ዲ ስመልሰው ይመታል። ካምቢዮው ተበላሽቶ ነው?
አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አልተበላሸም፤ በዚህ ከቀጠሉ ግን ይበላሻል። በኤን ሲወርዱ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ይሠራል፤ ጎማዎቹ ግን የካምቢዮውን የውስጥ ክፍል በፍጥነት ያሽከረክሩታል፤ ዲ ሲገባ ሁለቱ በቅጽበት እኩል እንዲሆኑ ስለሚገደዱ ይመታል። ነዳጅም አይቆጥቡም፦ ኢንጄክሽን (በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ነዳጅ መርጫ) ያለው ሞተር በዲ እየወረደ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ነዳጁን ይዘጋዋል፤ በኤን ግን እንዳይጠፋ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ፍሬንዎ ነው፤ በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሞተሩ ካላገዘው ግሎ መያዝ ሊያቆም ይችላል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነትዎን ይቀንሱና ማርሹን ወደ 2 ያውርዱ፤ የፍሬን ሽታ ከመጣ ደግሞ ዳር ይዘው ይቁሙና እስኪበርድ ይጠብቁ።