የደሴ ዳገት ያሸነፈው ብስክሌት ወዴት ይሂድ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለልጆቼ ሁለት ብስክሌት ገዝቼ ነበር። ትልቋ 13፣ ትንሹ 9 ዓመታቸው ነው። ቤታችን ዳገት ላይ ስለሆነ ብስክሌቶቹ በረንዳ ላይ ቆመው አቧራ ይጠጣሉ። ባለቤቴ «ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር ይዘናቸው እንውረድ» ትላለች። ከደሴ እየነዱ መሄድ ይቻላል? ለልጆች የሚሆን መንገድስ አለ? እግረ መንገዳችንን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳምም ለማየት አስበናል።
የሁለት ልጆች አባት፣ ከደሴ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብሽር፣ ገንዘብህን አላባከንክም። ደሴ ናት ለፔዳል ያልተሠራችው። እኔ ብስክሌት የለመድኩት ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ነው። ቤተሰቡ ደሴ የገባ ቀን አባቴ ብስክሌቴን አየና «ከእንግዲህ አንቺ ነሽ እሱን የምትሸከሚው» አለኝ። አልዋሸም።

የባለቤትህ ሐሳብ ጥሩ ነው። ከደሴ እየነዱ መውረዱን ግን እርሱት። ርቀቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚያሰጋኝ እሱ አይደለም። መንገዱ ወደ ወልድያ የሚያልፈው ዋናው አስፋልት ነው። ሲኖትራኩም አይሱዙውም ሚኒባሱም የሚጋፋው በዚያው ነው። ደግሞ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐይቁ ከእሷ ወደ 500 ሜትር ዝቅ ይላል። መሄጃው ያስቃል። መመለሻው ላይ መጀመሪያ ልጁ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ አንተ።

ስለዚህ ብስክሌቶቹን ሚኒባስ ላይ ጫን። ዋጋውን ከረዳቱ ጋር ሳትነሳ ተነጋገር፤ ሐይቅ ከደረስክ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው። ገመዱንም ራስህ እሰር። የእኔ አንድ ጊዜ መሪው ተጣሞ ወርዷል፣ ረዳቱ ደግሞ «ድሮም እንዲህ ነበር» ብሎኝ እርፍ።

መንዳት የምትጀምሩት ሐይቅ ከተማ ነው። ከከተማው እስከ ውሃው ወደ 3 ኪሎ ሜትር ነው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህ ይበቃዋል። ማሳና ባሕር ዛፍ መሀል እየወረድክ ሳለ ሐይቁ በድንገት ከታችህ ይገለጣል። ቁልቁለት ስለሆነ ግን ፍሬን ፈትሽ። በነገርህ ላይ እዚህ ቦታ ታሪክ አለኝ። የልጅ ልጄን መጀመሪያ የወሰድኳት ዕለት የፍሬኗን ጎማ ሳላይ ነው የተነሳሁት። ከፊቴ ነበረች። «እማዬ፣ አልቆም አለ!» ስትል ሰማሁ፤ ከዚያ ማሽላ ውስጥ ገባች። ማሽላው ይዟት ተረፈች። ባለማሳው መጥቶ መጀመሪያ ያየው እሷን ነው፣ ማሽላውን አይደለም። ካሳ ልስጥ ብለው «ልጅቷን ውሃ አጠጫት» አለኝና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከመነሳቴ በፊት ብስክሌቱን ይዤ ወደፊት እገፋለሁ፤ ሁለቱንም ፍሬን በየተራ እይዛለሁ፤ ጎማው ካልቆመ አልሄድም። አንተም እንዲሁ አድርግ። የትንሹን መቀመጫ ደግሞ ሁለት እግሩ መሬት እስኪነካ ዝቅ አድርግለት። ሄልሜት ለሁለቱም፣ ለትልቋም። «አይመቸኝም» ትልሃለች፤ አትስማት።

ውሃው ዳር ስትደርሱ ቀስ እያላችሁ ዳር ዳሩን ንዱ። መዋኘት ግን የለም። ሐይቁ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ይደርሳል፣ ዳሩም አያስታውቅም። ከዋና ይልቅ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በዳጣ ብሉ።

አሁን ገዳሙ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ስለተያያዘ ታንኳ አያስፈልግም። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእሳቸው ዘንድ እንደተማሩ ይነገራል። የገዳሙ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» ይባሉ ነበር፣ በቤተ መንግሥትም ትልቅ ሰው ነበሩ። በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የተጻፈ ባለ ሥዕል ወንጌልም አለ፤ ካሳዩህ ዕድለኛ ነህ። ግን የወንዶች ገዳም ነው። ባለቤትህና ትልቋ ልጅህ አይገቡም። ይህን ቤት ሳለህ ንገራት፤ በሩ ላይ ደርሳ ከሰማችው ቀኑ ተበላሸ።

እኔ ስንት ጊዜ ሄጄ ብስክሌት ጠባቂ ሆኜ ተመልሻለሁ። የሐይቁን ተረት ታውቀው ይሆናል። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጣና አገሩን በሙሉ ውሃ አደረገው፤ ሴትዮዋ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ ተረፈ፤ ገዳሙ ያለው እዚያ ላይ ነው። ይህን እዚያው ውጭ ቁጭ ብለን ለልጅ ልጄ ነገርኳት። «ታዲያ ሴትዮዋ ባዳነችው መሬት እኛ ለምን አንገባም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በአጠገባችን የሚያልፉ አንድ አባት ሰምተው ሳቁና ባርከዋት ሄዱ። አንተ ከትንሹ ጋር ግባ፤ እናትና ልጅ ውሃው ዳር ይንዱ። ወጥተህ ስትመጣ ደግሞ ለትልቋ ካንተ ጋር አንድ ዙር መንዳት ጨምርላት፣ እንድትካስ።

ጊዜው ጥቅምትና ኅዳር ቢሆን እመርጣለሁ፤ ዝናቡ አባርቷል፣ አገሩ ገና አረንጓዴ ነው። በበልግና በክረምት ጭቃው ጎማ ይይዛል። የገበያ ቀን አትሂድ፤ መንገዱ የአህያና የበግ ነው። መንፊያ፣ ፓች፣ ማስቲሽ እና ካቴናው ቢወልቅ እጅ የምትጠርግበት ጨርቅ ያዝ። በጠዋት ተነሱ።

ትንሹ ገና ሚዛን ካልጠበቀ መጀመሪያ ቦሩ ሜዳ ውሰደው፤ ከደሴ በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጼ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው፤ ለአንድ ልጅ ብስክሌት ቦታ አያጣም።

መመለሻው፣ ከውሃው እስከ ከተማው፣ ዳገት ነው። ግፉት። ትንሹ ከደከመው ባጃጅ አለ፣ ብስክሌቱን ከኋላ አስገብቶ ይወስደዋል። እኔም አንድ ሁለቴ ተሳፍሬያለሁ። ለአንባቢ እንዳትናገር።