መልስ፦ ከሾው በኋላ ሙዚቀኞቹን ማናገር ይቻላል ወይ?
ወንድሜ፣ ኒውዮርክ ያለው ቪሌጅ ቫንጋርድ የሚባለው ጃዝ ክለብ ገብቼ ጃዝ ተጫዋቾቹን ሰላም ማለት እችላለሁ ወይ ላልከው፣ አዎ በደንብ ትችላለህ። ቤቱ ምድር ቤት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ እዛው ነው ያለው፣ ቢበዛ 120 ምናምን ሰው ነው የሚይዘው፣ ባክስቴጅ የሚሉት ደሞ ድሮ ወጥ ቤት የነበረች ክፍል ናት ስልህ፣ አሁን ምግብ የለም እነሱ ናቸው የሚያርፉባት። ስለዚህ ወደ መድረክ ሲሄዱም ሲመለሱም በጠረጴዛህ አጠገብ ነው የሚያልፉት።

እኔ የገባሁት ሰኞ ማታ ነው፣ ሰኞ ሰኞ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ቢግ ባንድ (ብዙ ተጫዋች ያለበት ትልቅ የጃዝ ቡድን) አለ። ሲያልቅ አንዱን ትሮምቦን ተጫዋች ጠጋ አልኩት፣ የመሳሪያውን ምራቅ በጨርቅ እየጠራረገ ነበር፣ እጄ ላብ በላብ፣ ሆቴል የተለማመድኩት እንግሊዝኛ በሙሉ ጠፍቶ ታንክ ዩ ብቻ ወጣኝ (አይ ሀፍረት!)። ከየት ነህ ሲለኝ ኢትዮጵያ ስለው "ኦ ሙላቱ!" ብሎ ሳቀ (የኢትዮ ጃዙን ሙላቱ አስታጥቄን ማለቱ ነው)፣ ከዛማ ወሬው ደራ።

ብቻ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ አትያዛቸው፣ ገና ሌላ ዙር አለባቸው፣ የመጨረሻውን ጠብቅ። እየተጫወቱ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ ሲጨርሱ ራሳቸውን ጠይቃቸው። ሸክላ ልታስፈርም ከሆነ ማርከር ያዝ፣ እኔ ረስቼ ከአስተናጋጇ እስኪርቢቶ ተውሼ ነው፣ ሽፋኑ ላይ ግን አልይዝ አለ።