ሁለት ፍሬ ሲፕሮ ለሚጠይቃችሁ ደንበኛ፦ ለጀማሪ ፋርማሲስቶች

ከተመረቀ ዓመት ያልሞላው አንድ ፋርማሲስት ሰሞኑን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ሲመሽ ወጣት ወንዶች ይመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ‹ሽንቴን ያቃጥለኛል፣ ፈሳሽም አለው› ይሉኛል። ሁለት ፍሬ ሲፕሮ ሰጥቼ ብሸኛቸው ምን አለበት? እኔ ብከለክላቸው ማዶ ያለው ይሸጥላቸዋል።» ማዶ ያለው እንደሚሸጥላቸው አይጠፋኝም። ግን ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝና ለእሱ ብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልጻፍ አልኩ።

በጅቡቲ መስመር የሚሠራ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ባለቤቱ ማዘዣ ይዛ ስትመጣ አብሯት መጣ፤ በእጁ ፌስታል አንጠልጥሏል። ፌስታሉ ውስጥ በየመንገዱ፣ አዋሽም ሚሌም የገዛው መድኃኒት ትራፊ ነው ያለው፤ በመቀስ የተቆራረጠ ስትሪፕ። የአብዛኛው ስሙም፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑም አብሮ ተቆርጦ ቀርቷል። «እኔ እኮ በታመምኩ ቁጥር ታክሜያለሁ» አለ። አልዋሸም።

ያንን ፌስታል እንደ መማሪያ ቁጠሩት። ሲፕሮ ነበረበት። ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) 500 ሚሊግራም አንድ ፍሬ ጨብጥን የሚያድንበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬ አይደለም። ጀርሙ መድኃኒቱን ስለተላመደ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ከጨብጥ ሕክምና አወጡት። ቢሠራ እንኳ ክላሚዲያ የሚባለውን ሌላ የአባላዘር ጀርም አይነቅልም፤ ሁለቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አብረው ነው የሚይዙት። የፔኒሲሊን ዘመድ የሆነው አሞክሳሲሊንም ነበረበት። ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም ያለው ጨብጥ ከታወቀበት ከእ.ኤ.አ. 1976 ጀምሮ ይህን ለጨብጥ መስጠት ገንዘብ መቀበል ብቻ ነው። ከዶክሲሳይክሊኑ አራት ካፕሱል ተቆርጦ ተሽጦለታል፤ የሁለት ቀን መሆኑ ነው። ክላሚዲያ ሴል ውስጥ ተደብቆ አንድ ዙር ለመራባት ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይፈጃል። መድኃኒቱ ሰባት ቀን ሙሉ እዚያ ካልጠበቀው ከሁለተኛው ቀን በኋላ የሚወጣው አያገኘውም። 100 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን፣ አሥራ አራት ካፕሱል ነው። አሥር ፍሬ ባለው ስትሪፕ አንዱን ሙሉ፣ ከሌላው አራት። «አንድ ስትሪፕ ይበቃዋል» የሚል ሻጭ አራት ካፕሱል አጉድሎበታል።

እነዚህ ሁሉ ግን ፈሳሹን ለጊዜው ሊያደርቁት ይችላሉ። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ሲደርቅለት ዳንኩ ይላል፣ ቤቱ ይገባል።

ባለቤቱ ከእምብርቷ በታች የሚያማትን ሕመም አንዴ ታይፎይድ፣ አንዴ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እየተባለች ስትመላለስበት ከርማለች። የያዘችው ማዘዣ በመጨረሻ ትክክለኛው፣ የማሕፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን ማዘዣ ነበር፦ ሴፍትሪያክሶን አንድ መርፌ፣ ዶክሲሳይክሊን ጠዋትና ማታ ለ14 ቀን፣ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ለ14 ቀን። ሃያ ስምንት የዶክሲ ካፕሱልና፣ ሜትሮኒዳዞሉ ባለ 250 ሚሊግራሙ ከሆነ፣ ሃምሳ ስድስት ክኒን ማለት ነው። ለባል የተጻፈ ነገር አልነበረም። ፈሳሹ ስለደረቀ ጤነኛ ነው ተብሎ ይሁን፣ ጠያቂ ጠፍቶ፣ ማዘዣው ላይ እሱ የለም። እሱ ሳይታከም እሷ ያን ሁሉ ክኒን ብትውጥ በወሩ ተመልሶ ይይዛታል። የማሕፀን ቱቦዋም ተጎድቶ ነበር፤ ጠባሳ ደግሞ በክኒን አይሽርም። በዚያ ሁሉ መንገድ ዳር ያለ መድኃኒት ቤት ለዚያ ሰው ሲሸጥ «ባለቤት አለህ?» ያለው አንድ ሰው አለመገኘቱ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ።

እና መስኮቱ ላይ ምን ይደረግ? ወደ ጠርዝ ጠጋ አድርጋችሁ አነጋግሩት፤ ሰልፍ ፊት ማንም እውነቱን አይናገርም። አንቲባዮቲክ ሳይጀምር ጤና ጣቢያ ላኩት። ጀምሮ ከሄደ ናሙናው ላይ ጀርሙ ላይገኝ ይችላል። «ሂድ ታከም» ብቻ ብላችሁ ከሸኛችሁት ማዶ ይሻገራል። የቱ ጤና ጣቢያ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ክፍል እንደሚታይ ንገሩት፤ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራም እዚያው እንደሚያገኝ፣ ያዘዙለት መድኃኒት እናንተ ጋ እንዳለ ጨምሩለት። ባለፉት 60 ቀናት አብራው የነበረች ሁሉ ምልክት ባይኖራትም መታከም አለባት። ሁለቱም ሕክምና ከወሰዱ በኋላ ሰባት ቀን ግንኙነት የለም፤ በኮንዶምም ቢሆን ይቅርባቸው።

አንዳንዱ ወጣት ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ የክኒን ፎቶ ይዞ መጥቶ «ይኼን ስጠኝ» ይላል። ደንበኛን መውቀስ አልወድም፤ ሐፍረት ነው ወደ ስልክ የሚገፋው። ግን እውነቱን ልናገር፣ የዛሬ ልጆች ለጫማ ሦስት ሱቅ ይዞራሉ፣ ለብልታቸው ግን ስሙን የማያውቁት ሰው ያዘዘውን ይውጣሉ። እናንተም ብትሆኑ ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይናችሁን ማንሳት ትታችኋል። ካፕሱል በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልሎ በሚሸጥበት ዘመን እንኳ ሻጩ የገዢውን ፊት ያይ ነበር። እርግጥ የዚያን ጊዜው ሰው ቴትራሳይክሊን ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስል ላይ ይነሰንስ ነበርና ዘመኑንም ብዙ አላወድስም።

ወደ መርፌው ልመለስ። የሚወጋው ነርስ ቢሆንም ማሟሟቂያውን የምትሸጡት እናንተ ናችሁ። ሴፍትሪያክሶን በጡንቻ የሚሰጥ ከሆነ በውኃ ብቻ ሲሟሟ ያማል። 1 ግራም ብልቃጥ በ3.5 ሚሊሊትር 1 ፐርሰንት ሊዶኬይን (ማደንዘዣ) ይሟሟል፤ አድሬናሊን የሌለበት ይሁን፣ በሊዶኬይን የተሟሟው ደግሞ በደም ሥር ከቶ አይሰጥም። መጠኑን ከአሮጌ ደብተር አትገልብጡ። ለጨብጥ ለዓመታት 250 ሚሊግራም ከአዚትሮማይሲን 1 ግራም ጋር ነበር፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 500 ከፍ አደረገችው፣ እንግሊዞች 1 ግራም ይሰጣሉ። የአገራችን መመሪያ የቅርብ እትሙ መስኮታችሁ ሥር ይኑር።

ለቂጥኝ ግን ፔኒሲሊን እስከ ዛሬ አልተሸነፈም። ስሙን አትሳቱ፦ ቤንዛቲን ነው። ክሪስታሊን ፔኒሲሊን በሰዓታት ከሰውነት ይወጣል፤ ቤንዛቲን ሳምንታት ይቆያል፣ የቂጥኝ ጀርም ቀስ ብሎ ስለሚራባ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ለጀማሪ ቂጥኝ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት አንድ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ መቀመጫ። ለቆየው ይኸው መጠን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ሳምንት። ሲበጠበጥ እንደ ወተት ይነጣል፤ ደቃቃው ቅንጣት ቀጭን መርፌ ይደፍናል፣ ስለዚህ 21 ቁጥር መርፌ አብራችሁ ስጡ። ደም ሥር ከገባ ይገድላል። በተወጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ሊመጣ እንደሚችል ቀድማችሁ ንገሩት፤ የሞተው ጀርም የሚያስነሳው ነው፣ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ካልነገራችሁት «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» እያለ ዕድሜውን ይኖራል። እርጉዝ ሴት ፔኒሲሊን የማይስማማት ከሆነ በዶክሲ አትተኩላት፤ መድኃኒቱን በትንሽ በትንሹ የሚያላምድ ሆስፒታል ትላክ።

ዶክሲ ስትሰጡ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ እንዲውጠው፣ ግማሽ ሰዓት እንዳይተኛ ንገሩት፤ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። ወተት፣ የአይረን ክኒንና የጨጓራ አሲድ ማርከሻ (አንታሲድ) አብረውት ከተወሰዱ መድኃኒቱን ስለሚያስሩት በደንብ ወደ ደም አይገባም።

ሳምንት ቆይቶ ፈሳሹ አልቆመም ብሎ ከተመለሰ ሌላ አንቲባዮቲክ አትቀይሩለት። ጨርሶ ወስዶ እንደሆነ፣ አጋሩ ታክማ እንደሆነ፣ በመሐል ከግንኙነት ታቅቦ እንደሆነ ጠይቁ። ሦስቱም ከተሟሉ ትሪኮሞናስ የሚባል ሌላ የአባላዘር ተሕዋስ ወይም የተላመደ ጨብጥ ሊሆን ይችላልና ወደ ላከው ሐኪም ይመለስ።

ስትሪፕ መቁረጥ ግድ ከሆነባችሁ ቀኑ ከታተመበት ተቃራኒ ጫፍ ቁረጡ፤ ለቆረጣችሁለት ስሙን፣ መጠኑንና ቀኑን ፖስታው ላይ ጻፉለት። የቂጥኝ መርፌ የወሰደ ሰው ደግሞ ቀኑና መጠኑ የተጻፈበትን ወረቀት እንዳይጥል አሳስቡት። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ከዳነ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ፖዘቲቭ ነው የሚያሳየው፤ ወረቀቱ ከሌለ በሚቀጥለው ምርመራ እንደ አዲስ ሊወጋ ይችላል።