እሳቱ ሌሊት ለምን ይጠፋል? ስለ ድንጋይ ከሰል ምድጃህ ለጠየቅከው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፔንስልቬንያ ውስጥ አሮጌ ቤት ገዝተሃል። ቤዝመንቱ ውስጥ በእጅ የሚሞላ የድንጋይ ከሰል ምድጃ አለ። ማታ ሞልተኸው ትተኛለህ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብርዱ ይቀሰቅስሃል። ጠዋት አመዱን ስታወጣ ግማሹ ያልነደደ ከሰል ነው። ከሰሉ የሚያርፍበትን የብረት ፍርግርግ ቀዳዳ በድሪል ላስፋው ወይስ ከሥሩ ፋን ልግጠምለት ብለሃል።

እኔም እዚሁ ሰሜን ምሥራቅ ፔንስልቬንያ ነው የምኖረው። ቤቴን በዚሁ ከሰል ሳሞቅ ይሄ ስምንተኛ ክረምቴ ነው። እባክህ ለጊዜው ሁለቱንም አታድርግ። ምድጃህ አየር ያነሰው ይመስለኛል፤ ግን ያነሰው ቀዳዳው ጠብቦ ወይም ፋን ጠፍቶ አይደለም። አየሩ መንገዱ ተዘግቶበታል፣ ወይም ከሰሉን ዞሮ እያለፈ ነው።

አገር ቤት ከሰል ሲቀጣጠል ያየህ ሰው ነህ። እናቶቻችን እሳቱ እምቢ ሲላቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው? ምድጃውን አንስተው አመዱን ያራግፋሉ። ከዚያ አፉን ወደ ነፋሱ ያዞሩታል። ማራገቢያው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤዝመንትህ ውስጥ ያለው ትልቅ ብረትም የሚፈልገው ያንኑ ነው።

እዚህ አካባቢ የሚቆፈረው ከሰል አንትራሳይት ነው። ጠንካራ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እጅ ብዙም የማያቆሽሽ። እንጨት ሲነድ አብዛኛው ነበልባል የሚመጣው ከውስጡ ከሚወጣው ጋዝ ነው። ስለዚህ አየር ከላይም ቢያገኝ ይነዳል። አንትራሳይት ግን ጋዝ የለውም ማለት ይቻላል። የሚነደው ራሱ ድንጋዩ ነው። አየሩ ከሥር ገብቶ በከሰሉ መሃል ለመሃል ካላለፈ አይነድም። በላይኛው በር ብዙ አየር ብትለቅበት እንዲያውም ታቀዘቅዘዋለህ። እንጨት አንድደው የለመዱ ሰዎች መጀመሪያ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ይሄ ነገር አዲስ ችግር አይደለም። በድሮ ጊዜ አንጥረኞች አንትራሳይትን በወናፍ እየነፉ ይጠቀሙበት ነበር። ያለ ወናፍ ቤት ውስጥ ይነዳል ብሎ የሚያምን ግን ጥቂት ነበር። እዚሁ ፔንስልቬንያ፣ ዊልክስ ባሬ ከተማ ውስጥ ጄሲ ፌል የሚባል የመጠጥ ቤት ባለቤት ነበር፤ ዳኛም ነበር። በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1808 ከሰሉን ከፍ ያለ የብረት ፍርግርግ ላይ ደርድሮ አነደደው። ያለ ወናፍ ነደደለት። ከሰሉ ያው ከሰል ነው። ሰውየው የቀየረው አየሩ የሚገባበትን መንገድ ብቻ ነው። ፋን ልግጠም ስትል ትዝ ያለኝ ይሄ ታሪክ ነው። ደህና ፍርግርግና የሚስብ ጭስ ማውጫ ካለህ ፋን አያስፈልግህም።

ምን ያህል አየር ያስፈልጋል ካልክ፣ አንድ ኪሎ ካርቦን ሙሉ በሙሉ እንዲነድ 11.5 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። በመጠን ወደ 10 ሜትር ኩብ ማለት ነው። በተግባር ደግሞ ከዚያም በላይ ይገባል። አንድ ባልዲ ከሰል ስትጨምር ከአንድ ሰፊ ክፍል የሚበልጥ አየር በዚያች ትንሽ የአመድ በር በኩል ማለፍ አለበት። ታዲያ የፍርግርጉ ግማሽ በአመድ ከታፈነ እሳቱ ቢሞት ምን ይገርማል?

የራሴን ልንገርህ። ሁለተኛው ክረምቴ ላይ ልክ እንዳንተ ሌሊት ሌሊት ይጠፋብኝ ጀመር። ከሰሉን ቀየርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ጭስ ማውጫውን አስጠረግኩ፣ ያው ነው። አንድ ቀን ማታ መብራቱን አጥፍቼ የአመዱን በር ከፈትኩና ትንሽ የፊት መስታወት ከሥር አስገብቼ ወደ ላይ አየሁ። መሃሉ ላይ በፍርግርጉ ብረቶች መካከል ብርቱካናማ ብርሃን ይታያል። ከኋላ በስተቀኝ በኩል ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። የእጅ መዳፍ ሁለት እጥፍ የሚሆን ቦታ ጥቁር ሆኗል። እዚያ ያለው አመድ ተጠቅጥቆ አየር አያሳልፍም፤ በላዩ ያለው ከሰል ደግሞ ሳይነድ ተቀምጧል። አመዱ እንዲወርድ ፍርግርጉን የምንነቀንቅበት የምድጃዬ መነቅነቂያ መሃሉን እንጂ ማዕዘኑን አይነካም ነበር።

አሁን ጫፉን በቀኝ ማዕዘን ያጠፍኩት ቀጭን ብረት አለኝ። ነቅንቄ ስጨርስ በአመዱ በር አስገብቼ ከሥር ወደ ላይ በየክፍተቱ እየሰካሁ አወጣለሁ። አራቱንም ማዕዘን። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ መስታወቱን አስገብቼ አያለሁ። ብርሃኑ ዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ ሌሊቱን እተኛለሁ። መስታወት ባይኖርህም አመድ ማጠራቀሚያው ላይ የሚያርፈውን ቀይ ብርሃን ተመልከት። ጥላ ያረፈበት ቦታ፣ ከበላዩ የታፈነ ነው።

ከላይ ግን እንዳትነካው። አንትራሳይትን ከላይ መቆስቆስ ትልቅ ጥፋት ነው። አመዱን ወደ ፍሙ ትቀላቅለዋለህ። አመዱ እዚያ ሙቀት ውስጥ ይቀልጥና እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይጋገራል። ይሄ የተጋገረ ነገር በፍርግርጉ ክፍተት አያልፍም፤ አየሩንም ይዘጋል። እሱን ለማውጣት እሳቱን በሙሉ አጥፍተህ ማፍረስ ሊኖርብህ ነው።

አሁን ያልነደደ ከሰል ይወጣል ወዳልከው ልምጣ። እዚህ ላይ ጥርጣሬዬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሲበዛ እየነቀነቅክ ይሆናል። አጭር አጭር አድርገህ፣ ፈጠን ፈጠን እያልክ ነቅንቅ። ጥቂት ቀይ ፍም መውደቅ ሲጀምር እዚያው አቁም። ከዚያ በላይ ስትሄድ የምትጥለው ገንዘብህን ነው። ስትጨርስ ደግሞ እጀታውን ወደ መነሻው በትክክል መልሰው። ብረቶቹ ትንሽ ዘንበል ብለው ከቀሩ ክፍተቱ ይሰፋና ሌሊቱን ሙሉ ከሰል ሲንጠባጠብ ያድራል።

ሁለተኛው የከሰሉ መጠን ነው። እዚህ አገር ከሰል በወንፊት ተለይቶ ነው የሚሸጠው። ነት የሚሉት ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ፒ የሚሉት ከ1.4 እስከ 2 ነው። ለነት የተሠራ ፍርግርግ ላይ ፒ ብትጨምር ብዙው ሳይነድ ይወርዳል። ራይስ የሚባለው ደቃቁ ደግሞ በሞተር ለሚመገብ ምድጃ ነው፤ እነዚያ ምድጃዎች የራሳቸው ፋን አላቸው፣ ያንተን ዓይነት አይደሉም። የገዛኸውን ከረጢት እየው። ቀዳዳውን በድሪል ካሰፋኸው ግን ይሄንኑ ችግር በገዛ እጅህ ታባብሰዋለህ። በዚያ ላይ የፍርግርጉ ብረት ካስት አይረን ነው፤ ቀዳዳ ያዳከመው ቦታ ላይ ሙቀት ሲፈራረቅበት ይሰነጠቃል።

የጥልቀቱ ነገርም አለ። ብዙ ሰው ለመቆጠብ ብሎ በስሱ ይሞላል። በስሱ የተሞላ አንትራሳይት አይቆይም። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዳር ያሉት ጡቦች አናት እስኪደርስ ሙላው። ሙቀቱን የምትቀንሰው ከሰል በማሳነስ ሳይሆን የሥሩን አየር በማጥበብ ነው። ይሄን ለመቀበል እኔም ጊዜ ወስዶብኛል።

ግን ስትሞላ እሳቱን ሙሉ በሙሉ አትቅበረው። አንድ ጥግ ላይ ቀይ ፍም ገልጠህ ተውለት። ምክንያቱ ይሄ ነው። ከሥር የገባው አየር ፍሙን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ያ ጋዝ በጋለው ከሰል ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ነዳጅ ነው። ላይ ደርሶ ጥቂት አየርና ፍም ካገኘ በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል። ካላገኘ ግን ከካርቦኑ ሙቀት ከሦስት እጅ ሁለት እጅ የሚበልጠው ሳይወጣ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ወይም ይጠራቀምና ድንገት ቡም ብሎ ይነሳል። የላይኛው በር ላይ ያለችው ትንሽ ተንሸራታች መስኮት የተሠራችው ለዚህ ነው። በጥቂቱ ክፈታት። እነዚያ ሰማያዊ ነበልባሎች ከሰሉ አናት ላይ ሲጨፍሩ ካየህ በኋላ ነው የሥሩን አየር ቀንሰህ የምትተኛው።

ሌላው አየር የሚሾልክበት ነው። የኔ ምድጃ ከፍርግርጉ ጠርዝና ከጡቡ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። አየር እንደ ውሃ ነው፤ የቀለለውን መንገድ ይመርጣል። ከሰሉን ትቶ በግድግዳው ጥግ ሽው ብሎ ይወጣ ነበር። ሙቀት በሚችል ሲሚንቶ ደፈንኩት። ያኔ ነው ልዩነቱን ያየሁት፤ በዚያው ሳምንት እሳቱ እስከ ንጋት መቆየት ጀመረ። የአመዱን በር ዙሪያውን የሚያሽገውን ገመድም ፈትሽ። የአንድ ዶላር ኖት በበሩ ላይ አድርገህ ዝጋውና ሳብ። እንደልብ ከወጣ ገመዱ አልቋል ማለት ነው። ሌላም ዘዴ አለኝ። ዕጣን አጭሼ በምድጃው መገጣጠሚያ ሁሉ ዙሪያ አዞረዋለሁ። ጭሱ ወደ ውስጥ የሚሳብበት ቦታ ሁሉ ያላሰብከው አየር የሚገባበት ነው።

ፍርግርጉ እንዳይቃጠልብህ ደግሞ አመዱን አታከማች። ፍርግርጉን የሚያቀዘቅዘው ከሥር የሚገባው አየር ነው። አመዱ ተቆልሎ ብረቱን ከነካው ያ አየር ይቋረጣል። ብረቱ ከላይም ከታችም ይግላል። እኔ አንድ ጊዜ ለሁለት ቀን አመድ ሳላወጣ ቀርቼ መሃለኛው ብረት እንደ ቀስት ጎበጠ። ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ማታ አወጣለሁ። የአመዱን በር ከፍቶ ቶሎ ለማቀጣጠል መሞከርም እንዲሁ ነው። ከፍተህ ከሆነ ከአጠገቡ አትራቅ።

ጭስ ማውጫህ ምን ያህል እንደሚስብ በግምት አይታወቅም። ማኖሜትር የምትባል ትንሽ መለኪያ ግዛ። ስበቱን የምትለካው በውሃ ከፍታ ኢንች ነው፤ ለእንዲህ ያለ ምድጃ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ0.04 እስከ 0.06 ኢንች ነው። ነፋስ ባለበት ሌሊት ስበቱ ሲበዛ ከሰሉ ቶሎ ያልቃል፤ ባሮሜትሪክ ዳምፐር የሚባል፣ ቱቦው ላይ የሚገጠም በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን ያን ያስተካክላል። ስበቱ አንሶ ካገኘኸው መጀመሪያ ቱቦው የሚታጠፍበትን ክርን ክፈት። ደቃቅ አመድ እዚያ ይተኛል። እኔ አንድ ጊዜ ከግማሽ በላይ ሞልቶ አግኝቼዋለሁ። የኩሽናው ጭስ መሳቢያ ወይም የልብስ ማድረቂያው ሲሠራ ስበቱ ከወረደ ደግሞ ቤቱ ራሱ አየር አጥሮታል። ለቤዝመንቱ ከውጭ አየር ማስገቢያ ያስፈልገዋል። በፀደይ ደግሞ ቱቦውን ጥረገው፤ ውስጡ የቀረው አመድ ድኝ ስላለው ከበጋው እርጥበት ጋር ቱቦውን ይበላዋል።

ፋኑን የተቃወምኩበት ዋናው ምክንያት ግን ይሄ ነው። ምድጃው ውስጥ ያለው ግፊት ሁልጊዜ ከክፍሉ ማነስ አለበት። ያኔ ቀዳዳ ቢኖር እንኳ የክፍሉ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ጋዙ አይወጣም። ከሥር በፋን ስትነፋው ይሄ ሊገለበጥ ይችላል። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ምን እንደሚያደርግ አገር ቤት ያልሰማ የለም። በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ሰው እንደተኛ ይወስዳል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ አንድ ቤዝመንት ውስጥ፣ አንድ ደግሞ መኝታ ቤቶቹ አጠገብ አድርግ። ልጆች አሉኝ ብለሃል። ከሌለህ ዛሬውኑ ግዛ፤ እስክትገዛ ድረስ ምድጃውን አታንድደው።

ማስጠንቀቂያው ከተገጠመ በኋላ በመስታወቱ ጀምር። የትኛው ማዕዘን እንደጨለመ ጻፍልኝ። እሳቱ ጠፍቶ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የፍርግርጉን የታችኛውን ክፍል ፎቶ አንሳና ላክ። ብረቶቹ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ካለ በደንብ ይታይ። ጎብጦ ወይም ተበልቶ ከሆነ መለወጫው የሚፈለገው በዚያ ቁጥር ነው፤ ማፈላለጉን አግዝሃለሁ።